ፍሬን መያዝ የተማርኩበት እሑድ

መምህርቷ በመኪና እንደምትወዳደር የሰማሁት ማኅበራችን ላይ ነው፤ ያውም ድፎ ዳቦ እየቆረሰች። በየወሩ በሃያ አንድ በእመቤታችን ስም እየተሰበሰብን ጽዋ የምንጠጣ ሴቶች ነን። አንዳችን ከገርጂ፣ አንዳችን ከአያት፣ አንዳችን ከላምበረት ወዲያ እንመጣለን፤ በተራ እንደግሳለን። መምህርቷ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምታስተምር፣ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት። ነጠላዋ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ታደርሳለች። ስለዚህ «በሚመጣው ወር መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ውድድር አለብኝ» ስትል የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ነበር የመሰለኝ።

«ከየትኛው ሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የመኪና ነው እንጂ» አለች ቢላዋን ሳታቆም። «ሰፊ ግቢ ውስጥ ኮን ይደረደራል፣ ያ መንገድ ሲዘጋ የሚቆመው ሾጣጣ ምልክት። አንድ አንድ እየሆንሽ ትገቢያለሽ፣ በኮኖቹ መካከል እየተጠማዘዝሽ ትነጂያለሽ፣ ሰዓት ይያዝልሻል። ከማንም ጋር ጎን ለጎን አትሽቀዳደሚም። ብትገጪም የምትገጪው ፕላስቲክ ነው።»

«በዚህ ዕድሜሽ?» አለች ከማዶ የተቀመጠች አንዷ።

«ኮን መቼ ዕድሜ ይጠይቃል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። በዚያ ሰሞን የራሴን መኪና ካቆምኩ ወር ሊሞላኝ ነበር፤ ያን ዕለትም የመጣሁት በሚኒባስ ነው።

የባሌ ጎባ ልጅ ነኝ። እናቴም ወንድሜም እዚያው ናቸው። እኔን ሥራ አዲስ አበባ አመጣኝና ገርጂ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ቀረሁ፤ የምኖረውም እዚያው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው። የአንዱ በሽተኛ ደም በሌላው ስም እንዳይሄድ ሁለቴ ካየሁ በኋላ ሦስተኛ የማይ ሰው ነኝ። ነጭ ቪትዜንም የምነዳው እንደዚያው ነበር፤ ከኋላዬ ጡሩንባ ሲነፋብኝ ቀኜን ይዤ፣ ጸሎቴን እያደረስኩ፣ በዝግታ።

ማኅበሩ ባለቀ ቁጥር ሦስቱን ታላላቆቻችንን ቤታቸው የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የሁሉም ታላቅ እማማ ናቸው፤ ሌላ ስም ስንጠራቸው ሰምቼ አላውቅም። ቤታቸው ከላምበረት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ አባታቸው ገብስ ያጭዱበት የነበረ ነው። የአፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ ነው፤ እኔም ጎባ ከጎረቤት ልጆች ጋር ያደግኩት በኦሮምኛ ነው። ሁለቱን እናቶች ገርጂ አውርደን ሁለታችን ብቻ ስንቀር ቋንቋ እንቀይራለን። «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በዚህ ከተማ ልጄ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም። ከገርጂ ላምበረት ያለችው አጭር መንገድ ለእኔ በወር አንድ ጊዜ አገሬ ደርሼ የምመለስባት ነበረች።

ማኅበሩ ወሎ ሰፈር በዋለበት ወር ግን የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘን። አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተላቁጦ እንደ ሳሙና ሆኗል። ፊቴ የነበረው ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊያነሣ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ድር ድር ድር አለ። ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ለቀቅኩትና መሪውን ጠመዘዝኩ። መኪናዋ ዞረች። ስትቆም ፊቷን ወደመጣንበት መልሳ፣ የኋላ ጎማዋ የመንገዱ አካፋይ ላይ ወጥቶ ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ቸሩ ጌታ ይመስገን። ሁለቱ እናቶች ማርያም ማርያም ይላሉ። እማማ ግን ከኋላዬ ተቀምጠው የወንበሬን ጀርባ በሁለት እጃቸው ጨብጠውት ነበር፤ ቤታቸው እስክንደርስ አልለቀቁትም። በኦሮምኛም በአማርኛም አላወራንም።

አንዳቸውም አልወቀሱኝም። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ባነሣሁ ቁጥር ያ መንቀጥቀጥ እግሬ ላይ ይመጣል። ጎባ ለወንድሜ ስደውል «ሽጪና ተገላገይ» አለኝ። ደላላም አነጋገርኩ።

እንግዲህ መምህርቷ ስለ ኮን ያወራች ዕለት ሳህን እያጠብን ሳለ ወደ እኔ ዘንበል አለች። በዚህ ጽሑፍ «አለች» እያልኩ የምጽፈው እሷው አዝዛኝ ነው፤ ያን ጊዜ እርስዎ ነበር የምላት።

«ወሎ ሰፈር ፍሬን ስትይዢ እግርሽን ምን ተሰማው?»

«ተንቀጠቀጠብኝ። ተበላሽቷል ብዬ ለቀቅኩት።»

እጇን በፎጣ አድርቃ አየችኝ። «ለቀቅሽው» አለች ቀስ ብላ። «በይ እሑድ ከእኔ ጋር ትወዳደሪያለሽ።»

«እኔ? ይቀልዳሉ እንዴ እትዬ?»

«አንቺ በይኝ ብዬሻለሁ።»

«ምን እንደሆነ አሁኑኑ ቢነግሩኝስ?»

«ብነግርሽ የሚሰማው ጭንቅላትሽ ነው። የፈራው እግርሽ ነው።»

የዚያን ዕለት ስንወጣ ነው ነገሩ የቆረጠልኝ። መምህርቷ አሮጌ ሰማያዊ ቮልስ አላት፤ መኪናዋ ክብደቷ እንዲቀንስ ብላ የኋላ ወንበሩን አውጥታዋለች፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትጭነው። አንዷን እናት ይዛ ሄደች። እማማ ጉልበታቸው እዚያ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አያስገባቸውም። መንገድ ዳር ቆምን። ሚኒባስ በመጣ ቁጥር ወጣቱ ተጋፍቶ ይሞላዋል፤ እኛ እንቀራለን። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው የአጥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። ወይ እግሬን አድናለሁ ወይ እነዚህ ሴቶች በየወሩ እዚህ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ለደላላው ደውዬ ከውድድሩ በኋላ እንነጋገር አልኩት።

መጀመሪያ የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ፤ ሳልጠይቅ አልሆነልኝም። አባ ነገሩ እስኪገባቸው ሁለቴ አስደገሙኝ።

«ለውርርድ ነው?»

«አይደለም አባ።»

«ቅዳሴ ያስቀራል?»

«ከቅዳሴ በኋላ ነው።»

«ሰው ይገጫል?»

«ኮን ብቻ ነው አባ። ፕላስቲክ።»

ጥቂት አሰቡና «በይ ኮኑንም አትግጪው» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«የሚዘጋጀው ሁለት ነው፣ መኪናዋና አንቺ» አለች መምህርቷ። «የመኪናዋ ይቀላል።» ወደሚያውቃት ጋራዥ ወሰደችኝ። መካኒኩ ጎማዎቹን አውልቆ ፍሬኑን እያንዳንዱን አየ፤ ባትሪዋን ነቀነቀ፤ የጎማውን ቡሎኖች መልሶ አጠበቀ። «እህቴ፣ ፍሬንሽ ደህና ነው» አለኝ። ይኼ መልካም ዜና መሆን ነበረበት። እኔ ግን ቅር አለኝ፤ ችግሩ ከመኪናዋ ካልሆነ የማን እንደሆነ ግልጽ ነዋ።

ከዚያ ጎሚስታው ጋ ሄደን ንፋስ ከሌላው ቀን ጨመር አስደረገች፤ ጎማው በኃይል ሲታጠፍ ጎኑ ላይ እንዳይተኛ ነው። ከቦርሳዋ ጠመኔ አውጥታ አራቱም ጎማዎች ጫፍ ላይ አጫጭር ነጭ መስመሮች አሰመረች። ጎሚስታው ሥራውን አቁሞ ያያት ጀመር።

«መምህር፣ ጎማውንም ልታስተምሪው ነው?»

«ልፈትነው ነው። ስንነዳ ጠመኔው እስከ ታች ከተፋቀ ጎማው በጎኑ ሄዷል ማለት ነው፣ ንፋሱ አንሷል። ካልተነካ በዝቷል። እስከ እኩሌታው ከጠፋ አልፏል።»

እኔ ደም በአጉሊ መነጽር ሳይ የምውል ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቀላልና የማይዋሽ ምርመራ ስላየሁ ደስ አለኝ። ያቺ ሴት ከክፍል የተረፈውን ጠመኔ ሳይቀር ሥራ ትሰጠዋለች።

የእኔ ዝግጅት የተካሄደው ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ነው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ መጣችና ብርጭቆዎቼን ትሪ ላይ ደርድራ እስከ አፋቸው ውኃ ሞላቻቸው። «ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። «ወደ ግራ።» ታጠፍኩ። «ወደ ቀኝ። አሁን ቁሚ።» የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ያያሉ፤ አንዲት ሴትዮ ከሦስተኛ ፎቅ ሠርግ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ትሪዬን አስቀመጥኩ። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም።

«አየሽ ምን እንዳደረግሽ? ከመታጠፍሽ በፊት ቀዝቀዝ አልሽ። ከዚያ ታጠፍሽ። ከዚያ ሄድሽ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አላደረግሽም። ማኅበር ላይ ጠላ ስታድይ አንድም ቀን ደፍተሽ አታውቂም። መኪናም ትሪ ነው፤ ክብደቱ ፍሬን ስትይዢ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ስትታጠፊ ወደ ጎን ይሄዳል።»

«ወሎ ሰፈር ደፋሁት» አልኳት።

«ወሎ ሰፈር ደፋሽው» አለች። አላጽናናችኝም። ይኼን ነው የምወድላት።

ስለ ልብስም ተነጋገርን። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለምንሄድ በሱሪ መቅደስ ግቢ መግባት የማይሆን ነው፤ በረጅም ቀሚስ ደግሞ ፔዳል መርገጥ አይሆንም። መላ መታች፤ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ሄድኩና ስንወጣ ቀሚሱን መኪና ውስጥ አወለቅኩት። ጫማዬ ሶሉ ቀጭን እንዲሆን አዘዘችኝ፣ እግሬ ፔዳሉን በደንብ እንዲያውቀው። ሄልሜት እዚያው ያውሳሉ፤ ግን በሹሩባ ላይ አይገባም ስትለኝ ቅዳሜ ፀጉሬን ፈትቼ ወደኋላ አሲያዝኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋን ባዶ አደረግኩ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ያልታሰረ ነገር መኪና ውስጥ አይቀመጥም፤ ኮኖቹ መካከል ስትጠማዘዢ ይበራል። ጃንጥላ፣ ክሪክ፣ እስኮርታ ጎማ፣ እናቶቹ ጉልበታቸው ላይ የሚጥሉት ጋቢ፣ የመዝሙር መጽሐፍ፣ ከወንበር ሥር የገባ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ እግር ሸበጥ። ስፖኪዮው ላይ የተሰቀለውን መቁጠሪያ ሳወልቅ እጄ ከበደኝ፤ ስሜው ቤት ሰቀልኩት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፋ ስለሆነ ቀረች። አንዲት ነገር ግን አላወጣሁም። እናቴ ከጎባ በሰው የላከችልኝ ጠበል አለ፤ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ከራሴ ወንበር ሥር እወሽቀዋለሁ። ይኼንን ከጃንጥላና ከሸበጥ ጋር መቁጠር ድፍረት መሰለኝ። ደግሞ ያለ እሱ ከቤት መነሣት አልተቻለኝም። ጠለቅ አድርጌ ወሸቅኩት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ መምህርቷ መጀመሪያ ፉል አበላችኝ፤ በባዶ ሆድ እጅ ይንቀጠቀጣል አለች። ውድድሩ ከሰሚት ወዲያ የአንድ መጋዘን ሰፊ የአስፋልት ግቢ ውስጥ ነበር። ብርቱካንማ ኮኖች እንደ ደመራ ችቦ ቆመው ይታያሉ። ወጣቶች ተሰብስበዋል፤ መኪናቸው ዝቅ ያለ፣ ድምፁ ደረት የሚመታ። እኔ ነጠላዬን እንደለበስኩ ስወርድ አንዱ ጎረምሳ ከኮፈኑ ላይ ሳይወርድ፦

«እህት ዓለም፣ ለቅሶ ቤት ነው የምትሄጂው?»

መምህርቷ ቀደመችኝ። «አዎ። ያንተን ጎማ ልንቀብር ነው።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱም ሳቀና ከኮፈኑ ወርዶ «ማዘር፣ ቮልሷ ዛሬም ልታዋርደን ነው?» አላት። ያን ጊዜ ነው እዚህ ሁሉም እንደሚያውቃት የገባኝ።

መኪና የሚፈትሸው ሰውዬ ቡሎኖቹን ነካ፣ ፍሬኑን አስረገጠኝ፣ ሥዕሏን በጣቱ ገፋ አድርጎ መለጠፏን አረጋገጠ፣ ከወንበሮቹ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ጠርሙሷን አላያትም። ቁጥሬን ከጤና ጣቢያ ባመጣሁት ነጭ ፕላስተር በሩ ላይ ጻፍነው።

ከዚያ መንገዱን በእግር ዞርነው። ይኼ ወግ ነው፤ ማንም ሳይራመድበት አይነዳበትም። መምህርቷ ቤተ ክርስቲያን እንደሚዞር ሰው ዝግ ብላ፣ እጆቿን ወደኋላ አጣምራ ትሄዳለች። እያንዳንዱ ኮን ጋ ትቆምና ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን ከዚያ ወዲያ ያለውን ታያለች። «ዓይንሽ ያለበት ነው መኪናዋ የምትሄደው» ትለኛለች። መጨረሻው ላይ በኮን የተከበበ ጠባብ ቦታ አለ፣ ሳጥን ይሉታል፤ በፍጥነት መጥተሽ እዚያ ውስጥ መቆም አለብሽ። እሱን ሳይ እግሬ ቀዘቀዘ። አይታኝ መንገዷን ቀጠለች።

እሷ ከእኔ በፊት ገባች። ቮልሷ ለመነሣት ታቃስታለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዴም ስትደናገጥ አላየኋትም። ወጣቶቹ ጎማ እያስጮኹ፣ ጭስ እያወጡ ነበር የሄዱት። እሷ ድምፅ የላትም። ከኮን ኮን ስትሻገር ክር በመርፌ ዓይን የሚገባ ይመስላል፤ መሪው ላይ ያሉት እጆቿ የዳቦ ቢላዋ የያዙት እጆች ናቸው፣ አይቸኩሉም፣ አይቆሙም። መጨረሻው ሳጥን ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰዓቷ ሲነገር ያ ጎረምሳ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ሄልሜቷን አውልቃ ነጠላዋን ራሷ ላይ መልሳ ጣል ስታደርግ ደረቴ ሞላ። ይቺ ሴት የእኔ የማኅበር እህት ናት ብዬ ለማንም ልናገር ፈለግኩ፤ የምናገረው ሰው አጥቼ ለፈታሹ ነገርኩት። «እናውቃለን» አለኝ።

ተራዬ ደረሰ። ከጀማሪ ጋር አንድ ሰው መቀመጥ ይፈቀድለታል፤ መምህርቷ ከጎኔ ገባች። አማተብኩና ተነሣሁ። የመጀመሪያዎቹን ኮኖች አለፍኩ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ነዳጅ ሰጠሁ፤ ከመታጠፊያው በፊት ፍሬን ስነካ አንድ ነገር ከወንበሬ ሥር ሸርተት ብሎ ወጣ። እንደገና ስረግጥ ፔዳሉ አልወርድ አለ። ጠርሙሷ ከሥሩ ገብታለች።

«ያዢልኝ» አልኳት። ምኑን እንደምትይዝልኝ አላውቅም።

«እግርሽን ከነዳጅ አንሺ» አለች፤ ድምፁ ሳህን ስናጥብ የነበረው ድምፅ ነው። «መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። አትጠምዝዢ።» የእጅ ፍሬኑን በልክ በልኩ ሳበችው። አንድ ረድፍ ኮን ሙሉ እየገለበጥን ሄደን ሜዳው መሐል ቆምን። ቀይ ባንዲራ ተውለበለበ።

ጎንበስ ብላ ጨርቁን ፈታችና ጠርሙሷን አየች።

«ምንድን ነው?»

«ጠበል ነው።»

ጠርሙሷን ጨብጣ ወደ እኔ ዞረች። «እምነትሽን አልነካብሽም። ከእግርሽ ሥር ያለው ቦታ ግን የፍሬን ነው። ጠበል ሰው ላይ ነው የሚረጨው።» ከፈተችውና ፊቴ ላይ ረጨችኝ። ፈታሹ እየሮጠ ደረሰ፤ እንዴት አለፈኝ እያለ በራሱ ሲናደድ «ደብቄው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። ያ ዙር ተሰረዘብኝ። መኪናዋን ከሥር እስከ ላይ እንደገና ፈተሸ፤ የተገለበጡትን ኮኖች ሁላችንም አነሣን። ጎረምሳው ሁለት ኮን በክንዱ ታቅፎ መጣና ለመምህርቷ ራሱን አጎነበሰላት።

«ማዘር፣ እኔንስ አትረጪኝም?»

«አንተን ሳይሆን ጎማህን ነው» አለችና እሱንም ጎማውንም ረጨች። ጠርሙሷ እዚያው አለቀች። ወደ እኔ ዞር ብላ «ለማንኛውም አንቺ ብለሽኛል፤ ተመዝግቧል» አለችኝ።

ሁለተኛውን ዙር ኮን ሳልነካ ጨረስኩ። ሰዎች አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወረድኩ። መምህርቷ ግን ጎማዬ ጋ ቁጢጥ ብላ ጠመኔውን ታያለች። መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው።

«ጎማሽ ውድድር መኖሩን አልሰማም» አለች። «ፍሬኑንም አልያዝሽውም፣ ለመንሽው እንጂ። እንዲህማ ገርጂም ትነጃለሽ። እዚህ የመጣሽው ለምንድን ነው?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቃለን።

«አሁን ብቻሽን ትገቢያለሽ። ሳጥኑ ጋ ስትደርሺ እስከ መጨረሻው ርገጪ። ይንቀጠቀጣል። ይንቀጠቀጥ። ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ፍሬኑ ራሱ እየያዘ እየለቀቀ ነው፤ ወሎ ሰፈርም ይኼንኑ ነበር የሚሠራልሽ። ሥራውን ትተሽለት አንቺ መሪሽን ያዢ።»

አጠገቤ ሰው ሳይኖር ወንበሩ ሰፊ ሆነብኝ። ሄልሜቱ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። የእመቤታችንን ሥዕል አየሁና ተነሣሁ። ኮኖቹን በትሪው ደንብ ሄድኩባቸው፤ ቀዝቀዝ፣ ታጠፍ፣ ሂድ። አንዱን መታሁት፤ አላዘንኩም። የመጨረሻው ቀጥታ ላይ እግሬ እንዲላላ ሲለምነኝ ነዳጁን ጨመርኩ። ሳጥኑ ፊቴ ሰፋ። ረገጥኩ።

ተንቀጠቀጠ። ያው ድር ድር ድር ነው፤ ያው ወሎ ሰፈር የሰማሁት። እግሬ ሊነሣ ተነቃነቀ፤ እኔም አውቄዋለሁ። አልለቀቅኩም። ደረቴ ቀበቶው ላይ ተደገፈ፣ መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ቀጥ ብላ ቆመች። ፀጥ አለ። ግራና ቀኝ ኮኖቹ ቆመዋል። እግሬን ከፔዳሉ ላይ ማንሣት አቅቶኝ እዚያው ቆየሁ፤ ባንዲራ ያዡ በእጁ ውጪ ውጪ ይለኛል።

በሰዓት ከሁሉም መጨረሻ ነው የወጣሁት። መምህርቷ ጠመኔውን አሳየችኝ፤ እኩሌታው ጠፍቷል። ለደላላው እዚያው ሆኜ ደወልኩና ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አልኩት።

ቀጣዩ ማኅበር አያት ሰፈር አንዷ ቤት ዋለ። ስንወጣ ዝናብ ያካፋል። መኪናዬን እስከ በሩ አስጠግቼ ወረድኩና ወደ እማማ ሄድኩ።

«እማማ፣ ላድርስዎት?»

መኪናዋን አዩ፤ ከዚያ እኔን። «ፍሬኑን አሠራሽው?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ፍሬኑ ያን ጊዜም ደህና ነበር። የለቀቅኩት እኔ ነኝ። አሁን አልለቀውም።»

ዝናቡ ነጠላቸው ላይ እየወረደ አሰቡ። መቸኮል አልፈለግኩም፤ እምቢ ቢሉ እውነታቸውን ነው። «እንግዲያው ከፊት ነው የምቀመጠው» አሉ በመጨረሻ፤ «እግርሽን እያየሁ።» ሁለቱ እናቶች ከኋላ ገቡ። መምህርቷ ከቮልሷ መስኮት ታየን ነበር፤ እጇን አነሣችና ቀድማን ሄደች።

እናቶቹን ገርጂ አወረድናቸው። ከመገናኛ ወደ ላምበረት ስንወጣ እማማ የጎረቤታቸውን ጊደር ወሬ ጀምረው ነበር፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ገብታ ደረጃ ስለወጣችው። አውቶቡስ ተራው አጠገብ አንድ ሚኒባስ ከግራ ጥሶ ፊቴ ቆመ። አስፋልቱ እርጥብ ነው። ረገጥኩ። ተንቀጠቀጠ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ቆምን። በእኛና በሚኒባሱ መካከል አንድ ሰው በጎኑ ዞሮ ሊያልፍ ይችላል።

እማማ ቃላቸውን አቋርጠው ቁልቁል እግሬን አዩ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው። ረዳቱ ሚኒባሱን መታ መታ አደረገና ሄዱ።

«ታዲያ ጊደሯ» አሉ እማማ ወንበሩ ላይ ተደላድለው፣ «መውጣቱን ወጣች፣ መውረዱን አልወርድ አለች።»